«አውሥኡ» ሲባል ሁሉም እንዲመልስ፦ የቅዳሴን ተሰጥኦ ለምእመናን የማስተማር አሠራር

በፍሬ ቅዳሴው፣ ማለትም በቅዳሴው ዋና ክፍል፣ መግቢያ ላይ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ» ይላል፤ ቆየት ብሎ «ውስተ ጽባሕ ነጽሩ» ይላል፤ በመጨረሻም «አውሥኡ» ብሎ ያዛል። መልሱ ማለት ነው። ትእዛዙ በብዙ ቁጥር የተነገረ ነው፤ ለመዘምራን ብቻ ወይም ማይክሮፎን ለያዘው አገልጋይ ሳይሆን ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ለቆመው ሁሉ ነው። መጽሐፈ ቅዳሴውም የሦስቱን ድርሻ «ይ.ካ.»፣ «ይ.ዲ.»፣ «ይ.ሕ.» እያለ ለይቶ አስቀምጧል። ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበሉ ሕዝብ። በብዙ አጥቢያ ግን ሦስተኛው ቦታ በአራት ወይም በአምስት ሰው ድምፅ ይሞላል፤ የቀረው ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ወይም ዝም ብሎ ይቆማል። ይህ ዝምታ ከእምነት ማነስ የመጣ አይደለም። ሰው ያልተማረውን ዜማ ደፍሮ አያወጣም።

ተሰጥኦ ከግእዙ «ተሰጥወ» የወጣ ቃል ነው፤ መቀበል፣ መመለስ ማለት ነው። ከዚህ በታች ያለው አሠራር በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ይህን ድርሻ ለሕዝቡ ማስተማር ለሚፈልጉ የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋዮችና ዲያቆናት የተዘጋጀ ነው። ቅዳሴ እንደ ማኅሌት ከበሮና ጸናጽል የለውም፤ ከቃጭል በቀር የሰው ድምፅ ብቻ ነው። ስለዚህ ደካማ ዜማ የሚደበቅበት ቦታ የለም፤ የተባበረ ዜማም ሲገኝ የሚጋርደው ነገር የለም።

መጀመሪያ ወደ መሪጌታው ሂዱ

ዜማውን ከስልካችሁ አታውርዱ። በኢንተርኔት የሚገኘው ቅዳሴ መልካም ቢሆንም የእናንተ ደብር ዜማ ላይሆን ይችላል። ቅዳሴ ግዕዝና ዕዝል በሚባሉት በሁለቱም የዜማ ስልቶች ይዜማል፤ ከዚህ ሌላ የደብረ ዓባይና የሰለልኩላ የሚባል የቅዳሴ ቤት ልዩነት አለ። ሁለቱም የቤተ ክርስቲያን ሀብት ናቸው፤ በአንድ ደብር ውስጥ አንድ ላይ ሲደባለቁ ግን ሕዝቡ ማንን እንደሚከተል ይጠፋዋል። አንዱ ካህን በዚህ ሲያነሣ ሌላው በዚያ ሲያነሣ ምእመኑ የሚመርጠው ዝምታን ነው።

ስለዚህ በአስተዳዳሪው ፈቃድ መሪጌታውንና ቀዳሾቹን ካህናት አንድ ቀን አገናኙ። የምታስተምሩት ተሰጥኦ በየትኛው ዜማ እንደሚባል፣ በሰንበትና በአዘቦት ቀን ምን እንደሚለይ በፊታቸው ይወሰን። ከዚያ መሪጌታው እያንዳንዱን ተሰጥኦ ሦስት ጊዜ፣ በዝግታ፣ ያለ ማይክሮፎን ይበሉላችሁና በስልክ ቅዱት። የሚያስተምሩት ሁሉ ከዚህ አንድ ቅጂ ይማሩ። «እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው» የሚለው ክርክር እዚህ ቦታ ካልተዘጋ ሥራውን በሙሉ ያደናቅፋል።

ስድስት ብቻ ምረጡ

ጀማሪ አስተማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው ቅዳሴውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ለማስተማር ሲነሣ ነው። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ሰው ይቀንሳል። ፍሬ ቅዳሴው ዐሥራ አራት ነው፤ ከበዓል በዓል ይቀያየራል። እናንተ ግን በብዛት የሚደጋገመውን ያዙ፦

«ተንሥኡ ለጸሎት» ሲባል፦ እግዚኦ ተሣሃለነ።
«ሰላም ለኵልክሙ» ሲባል፦ ምስለ መንፈስከ።
«አእኵትዎ ለአምላክነ» ሲባል፦ ርቱዕ ይደሉ።
«አልዕሉ አልባቢክሙ» ሲባል፦ ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ።
«አውሥኡ» ሲባል፦ ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ እግዚአብሔር ጸባዖት ፍጹም ምሉዕ ሰማያተ ወምድረ ቅድሳተ ስብሐቲከ።
በአንዳንዶቹ ቅዳሴያት የሚመጣው፦ በከመ ምሕረትከ አምላክነ ወአኮ በከመ አበሳነ።

የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በአንድ ቅዳሴ ውስጥ ደጋግመው ይመጣሉ። ሰው እሑድ ማለዳ ተምሯቸው በዚያው ቅዳሴ ብዙ ጊዜ ይለማመዳቸዋል፤ ከዚህ የተሻለ የልምምድ ጊዜ አታገኙም። ሦስተኛውና አራተኛው በካህኑና በሕዝቡ መካከል የሚደረግ ፈጣን ምልልስ ስለሆኑ አንድ ላይ ይማራሉ። አምስተኛው ረጅም ነው፤ ለብቻው ሁለት ሳምንት ስጡት።

ንባብ ከዜማ በፊት

በአብነት ትምህርት ቤት ተማሪ ዜማ ከመጀመሩ በፊት ንባብ ይማራል። ይህን ቅደም ተከተል አትዝለሉ። ግእዝ ተነሽ፣ ተጣይ፣ ወዳቂና ሰያፍ የሚባል የንባብ ሥርዓት አለው፤ የሚጠብቅና የሚላላ ፊደልም አለው። ለምእመናን እነዚህን ስሞች መዘርዘር አያስፈልግም፤ እናንተ በትክክል አንብቡላቸው፤ እነርሱም ደግመው ያንብቡ። ያለ ዜማ፣ እንደ ንግግር፣ አምስት ጊዜ።

ቀጥሎ ትርጉሙን በአንድ ዓረፍተ ነገር ንገሯቸው። ርቱዕ ይደሉ፦ እውነት ነው፣ ይገባዋል። ብነ ኀበ እግዚአብሔር አምላክነ፦ ልባችን በአምላካችን በእግዚአብሔር ዘንድ አለን። ከዚያ በላይ አትስበኩ፤ ስብከቱ ሌላ ሰዓት አለው። ትርጉሙ እዚህ የሚያስፈልገው ለትንፋሽ ነው።

ይህን የተማርኩት «በከመ ምሕረትከ» ስንለማመድ ነው። ከቅኔ ማኅሌቱ ውጭ፣ ዛፍ ሥር፣ ዐሥራ ሁለት ያህል እናቶችና ጥቂት ወጣቶች ነበርን። ዜማውን ይዘውታል፤ ነገር ግን ሁሉም «በከመ ምሕረትከ አምላክነ ወአኮ» ብለው ይተነፍሱና «በከመ አበሳነ» ብለው ይቀጥላሉ። እንዲህ ሲሆን «ወአኮ»፣ «አይደለም» የሚለው ቃል፣ ከፊተኛው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፤ ሁለተኛው ሐረግ ራሱን ችሎ «እንደ በደላችን» ይሆናል። ከእግዚአብሔር የሚለመነው ተገልብጦ ቁጭ አለ። እኔ እንዲያስተካክሉ ደጋግሜ ብናገርም ሳንባ የለመደውን አይተውም። መሪጌታው መጡና መቋሚያቸውን በሁለት እጃቸው አግድም ያዙ። «ይህ እስኪነሣ ድረስ ማንም አይተንፍስ» አሉ። «አምላክነ» ላይ ሲደርሱ አንድ ጊዜ ብድግ አደረጉት፤ ሰው ሁሉ ተነፈሰ። «ወአኮ በከመ አበሳነ» እስኪያልቅ ድረስ መቋሚያው ዝቅ እንዳለ ቆየ። አራት ጊዜ ደገሙት። በአምስተኛው መቋሚያውን ወደ ትከሻቸው መለሱት፤ ሕዝቡ ግን የሚተነፍስበትን ቦታ አልሳተም። ከእናቶቹ አንዷ «ለካ እንደ በደላችን አታድርግብን ነው የምንለው» አሉና ዝም አሉ። ከዚያ በኋላ የትርጉም ማብራሪያ አላስፈለገም።

በያንዳንዱ ተሰጥኦ ውስጥ የመተንፈሻውን ቦታ አስቀድማችሁ ከመሪጌታው ጋር ወስኑ። በወረቀታችሁም ላይ ምልክት አድርጉበት። ሃምሳ ሰው በአንድ ቦታ ሲተነፍስ ዜማው ግማሽ መንገድ ተጉዟል ማለት ነው።

ማስተማሪያው ሩብ ሰዓት

ከቅዳሴ በኋላ አታስተምሩ። ሰው ጾሞ፣ ለሰዓታት ቆሞ፣ ልጆቹን ይዞ ነው። ጥሩው ጊዜ ከሰርክ ጉባኤ መጀመሪያ ላይ ያለው ሩብ ሰዓት ነው። ከሁሉ የሚበልጠው ደግሞ የፍልሰታ ጾም ነው። ከነሐሴ 1 እስከ 15 ቅዳሴው በየዕለቱ ይቀደሳል፤ ቤተ ክርስቲያኑ በሕፃናትና በእናቶች ይሞላል፤ በብዙ ደብር የውዳሴ ማርያም ትርጓሜም ይሰጣል። ከቅዳሴው በፊት በየቀኑ ሩብ ሰዓት ብትወስዱ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ትምህርት ይሆናል፤ የተማሩትም በዚያው ሰዓት ውስጥ ሥራ ላይ ይውላል።

አሠራሩ የአብነት ትምህርት ቤቱ ነው፤ መምህሩ ይላል፣ ተማሪው ይቀበላል። ጥቂት ነገሮችን ብቻ ጠብቁ።

ሐረጉን አሳጥሩ። «ቅዱስ ቅዱስ ቅዱስ» አንድ፣ «እግዚአብሔር ጸባዖት» ሁለት፣ «ፍጹም ምሉዕ» ሦስት፣ «ሰማያተ ወምድረ» አራት፣ «ቅድሳተ ስብሐቲከ» አምስት። እያንዳንዱን ሁለት ጊዜ በሉላቸው፣ ሁለት ጊዜ ይመልሱ። ከዚያ ከመጨረሻው እየተነሣችሁ አያይዙት፦ መጀመሪያ አምስተኛውን ብቻ፣ ቀጥሎ አራተኛውንና አምስተኛውን፣ ከዚያ ከሦስተኛው ጀምሮ። ከመጀመሪያው ብታያይዙ ሰው መነሻውን አጥብቆ ያውቅና ፍጻሜው ላይ ድምፁ ይሰወራል። ከኋላ ሲያያዝ ግን በሄደ ቁጥር ወደሚያውቀው ነገር ይደርሳል።

እነርሱ ሲመልሱ እናንተ ዝም በሉ። ይህ ለአስተማሪ ከባዱ ነገር ነው። አብራችሁ ካላችሁ የምትሰሙት የራሳችሁን ድምፅ ነው፤ ሕዝቡም በእናንተ ላይ ተደግፎ ይሄዳል። ዝም ስትሉ መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል። ታገሡት።

የዜማ ምልክቶችን ለሁሉም ሰው ማስተማር አያስፈልግም፤ ምልክቶቹ የሚናገሩትን ግን በእጃችሁ አሳዩ። ለድፋት መዳፋችሁን ወደ ታች ዝቅ አድርጉ። ለቅናት ወደ ላይ አቅኑ። ለይዘት እጃችሁን በአየር ላይ አቁሙ። ለቁርጥ በአጭሩ ቁረጡ። ለርክርክ ጣቶቻችሁን አርገብግቡ። ፊደል የማይቆጥሩ አረጋውያን ይህንን ከማንም ቀድመው ይይዙታል፤ ሲሰሙት የኖሩት ዜማ በዐይናቸው ፊት ቅርጽ ሲይዝ ፊታቸው ላይ ይታወቃል።

ርክርኩ ለብዙ ሰው ይከብዳል። ሕዝቡ ቃሉንና አካሄዱን ከያዘ ርክርኩን ለካህናቱና ለመዘምራኑ ተዉት። ቅዱስ ያሬድ የሰጠንን ዜማ ማሳነስ አይደለም፤ ሁሉም በአንድነት ሊሸከመው የሚችለውን ክፍል ለሁሉም መስጠት ነው።

የድምፅ ከፍታ

ሕዝቡ የሚመልሰው ካህኑ ካቆመበት ድምፅ ተነሥቶ ነው። ካህኑ በጣም ከፍ ካለ ወንዶቹ መሐል መንገድ ላይ ይቆማሉ፤ በጣም ዝቅ ካለ ሴቶቹ ይጠፋሉ። ይህ በትምህርት የሚፈታ ችግር አይደለም፤ ከቀዳሾቹ ጋር በመነጋገር የሚፈታ ነው። በአክብሮት ቀርባችሁ «አባታችን፣ «ሰላም ለኵልክሙ» ሲሉ ጥቂት ዝቅ ቢያደርጉልን ሕዝቡ ይቀበላል» በሏቸው። አብዛኞቹ በደስታ ይቀበላሉ፤ የሚመልስ ሕዝብ ቀዳሽን ያሳርፋል።

በልምምድ ጊዜ መነሻውን የምትመርጡት በራሳችሁ ጉሮሮ አይሁን። ከፊት የተቀመጡትን አንዲት አረጋዊትና አንድ ጎልማሳ «እስቲ ይበሉት» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሁለቱም ሳይጨነቁ የሚደርሱበት ከፍታ የደብሩ ከፍታ ነው።

አስጀማሪዎቹ የት ይቁሙ

መዘምራኑን አንድ ቦታ አታከማቹ። የሰለጠኑትን ሁለት ሁለት አድርጋችሁ በሕዝቡ መካከል በትኗቸው፤ በወንዶች በኩል፣ በሴቶች በኩል፣ በበሩ አጠገብ፣ በአጸዱ ውስጥ ዛፍ ሥር። ሥራቸው ጮክ ማለት አይደለም፤ በሰዓቱ መጀመር ነው። አጠገቡ የቆመ ሰው በልበ ሙሉነት ሲጀምር የሰማ ሁሉ ይከተላል።

ክብ በሆኑት ቤተ ክርስቲያኖቻችን መቅደሱ መሐል ላይ ስለሆነ በሰሜን የቆመ በደቡብ የቆመውን አይሰማም። በእያንዳንዱ በር አንድ ሰው አቁሙና ሁሉም የዲያቆኑን ድምፅ እንጂ እርስ በርሳቸውን አይጠብቁ። አጸዱ ሰፊ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ ድምፅ በአንድ ሰከንድ 340 ሜትር ያህል ነው የሚሄደው፤ መቶ ሜትር ርቆ የቆመ ሰው ሲሦ ሰከንድ ያህል ዘግይቶ ይሰማል። ውጭ ያሉት የሚዘገዩት ስለሰነፉ አይደለም። በአቅራቢያቸው ያለውን ድምፅ ማጉያ ብቻ እንዲከተሉ ንገሯቸው።

ማይክሮፎኑ

በዚህ ላይ አቋሜ ግልጽ ነው፦ የካህኑና የዲያቆኑ ድምፅ በማጉያ ይሂድ፤ የሕዝቡ ተሰጥኦ አይሂድ። አንድ አገልጋይ «ምስለ መንፈስከ»ን በማይክሮፎን ሲል የሺህ ሰው ድምፅ ይዋጣል፤ ሕዝቡም ድርሻው እንደተፈጸመለት ይቆጥራል። እኔ ባገለገልኩበት አንድ አጥቢያ መብራት በጠፋበት እሑድ፣ ተሰጥኦውን ለወራት ስናስተምረው የነበረው ሕዝብ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ድምፅ ሰማ። በሚቀጥለው ሳምንት መብራቱ ሲመጣ ድምፁ መልሶ ሰነፈ። ከዚያ ወዲህ ማጉያውን የሚቆጣጠረው ወንድም በያንዳንዱ ተሰጥኦ ላይ የመዘምራኑን ማይክሮፎን ዝቅ ያደርጋል። መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ሰው ቅዳሴውን የሚያውቅ ይሁን፤ የማያውቅ ከሆነ መጀመሪያ እርሱን አስተምሩት።

ወረቀትና ስክሪን

በአንድ ገጽ ላይ ስድስቱን ተሰጥኦ በትልቅ ፊደል አትሙ፤ ከግእዙ ሥር አማርኛውን በትንሹ ጻፉ። ወረቀቱን ለቤት ስጡ፤ በቅዳሴ ሰዓት ግን እጅ ላይ ባይኖር ይሻላል። ዐይኑ ወረቀት ላይ ያለ ሰው ጆሮው ይዘጋል።

በአሜሪካና በአውሮፓ ባሉ አጥቢያዎች ነገሩ ሌላ ነው። እዚያ ተወልደው ያደጉ ብዙ ልጆች ፊደል አያነቡም፤ ስለዚህ ተሰጥኦው በስክሪን በላቲን ፊደል ይጻፍላቸዋል። ጥሩ ነው፤ ሆኖም በላቲን ፊደል የሚጠብቀውና የሚላላው አይለይም፤ ልጁም የጻፉለትን ያነባል እንጂ የሰማውን አይልም። መጀመሪያ በጆሮው ብቻ፣ ምንም ሳያይ፣ ሁለት ሳምንት ይለማመድ። ስክሪኑ ከዚያ በኋላ ይምጣ። ወላጆች መኪና ውስጥ የመሪጌታውን ቅጂ ቢያሰሙ በአንድ ወር ውስጥ ልጆቹ ወላጆቻቸውን ያርማሉ።

ሲበላሽ

አንድ አባት በሌላ ደብር የተማሩትን ዜማ ጮክ ብለው ቢሉ በሕዝብ ፊት አታርሟቸው። ለብቻቸው ቀርባችሁ «አባቴ፣ የኛን እንዴት እንደሆነ ያስተምሩልን» ብላችሁ ወደ ልምምዱ ጋብዟቸው፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የተሻለ አስጀማሪ የሚሆኑት እርሳቸው ናቸው።

ሕዝቡ ዜማውን እየጎተተ ቢያዘገየው ችግሩ ያለው ከፍጻሜው ነው፤ የመጨረሻው ፊደል ላይ ቁርጡን አጥብቃችሁ አስተምሩ። እየቸኮለ ቢሄድ ደግሞ የሚቸኩሉት ብዙ ጊዜ ወጣቶቹ ናቸው፤ በአረጋውያን አጠገብ አቁሟቸው። ሁለት እሑድ ያህል ድምፁ ከበፊቱ ቢያንስ አትደንግጡ። ሰው በልማድ ሲለው የነበረውን እያረመ ነው፤ የሚያርም ሰው ለጊዜው ድምፁን ይቀንሳል።

ወደ ቀጣዩ የሚታለፍበት ጊዜ

ስድስቱ መያዛቸውን ለማወቅ አንድ እሑድ አስጀማሪዎቹን በሙሉ ዝም አሰኟቸው። ለማንም አትንገሩ። ዲያቆኑ «ተንሥኡ ለጸሎት» ሲል ሕዝቡ ራሱ መልሱን ካነሣ፣ «አውሥኡ» ሲባልም ሦስቱ «ቅዱስ» ሳይጠፉ ከወጡ፣ ለሚቀጥለው ሳምንት «ንዜኑ ሞተከ እግዚኦ ወትንሣኤከ ቅድስተ» የሚለውን አዘጋጁ፤ ከእርሱ በኋላ «ሀበነ ንኅበር» ይቀጥላል፤ ካህኑ ብሎት ሕዝቡ የሚቀበለው ስለሆነ ከሌላው ይቀልላል። «ሠራዊተ መላእክቲሁ ለመድኃኔ ዓለም»ን ለሦስተኛው ዙር አቆዩት፤ በየሐረጉ የሚመለሰውን «ለመድኃኔ ዓለም» ሕፃናቱ በአንድ ቀን ይይዙታል፤ እነርሱን ከፊት አቁማችሁ ጀምሩ።